የደንበኛ ግድግዳ ስበሳ የውሃ መስመር መታሁ፤ ኢንሹራንስ እያለኝ ከኪሴ ከፈልኩ። ምን መግባት ነበረብኝ?

አናጢው ከኮልፌ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ኮልፌ አካባቢ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የኪችን ካቢኔት፣ ቁምሳጥን፣ አንዳንዴ በር እንሠራለን። ሁለት ቋሚ ልጆች አሉኝ፣ ሥራ ሲበዛ አንድ ሁለት የቀን ሠራተኛ እጨምራለሁ። ንግድ ፈቃዱ በራሴ ስም ነው። የሥራ ቤቱ ኪራይ ነው።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የግድግዳ ካቢኔት ልንሰቅል ሄድን። ድሪሉን የያዝኩት እኔው ነኝ። ሦስተኛውን ቀዳዳ ስበሳ ውሃው ፊቴ ላይ ፈነዳ። የቤቱ ባለቤት ሥራ ናቸው፣ ቁልፉን ለጥበቃው ትተውልን ነው የሄዱት፣ እና ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ሃያ ደቂቃ አለፈ። በጨርቅም በባልዲም ታገልን፣ አልሆነም። ውሃው በመብራት መስመሩ ቀዳዳ በኩል ሦስተኛ ፎቅ ወረደ። እዚያ ያሉት ሰዎች ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፍራሽ፣ ላፕቶፕ፣ ምንጣፍ ተበላሸባቸው። የልጆቹ ደብተር ሳይቀር ራሰ።

ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ልቤን አረጋጋሁ። ባንክ ለማሽን መግዣ ሲያበድረኝ ያስገባኝ ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ሳላዘገይ ከፍያለሁ። ቢሮው ስሄድ ልጅቷ ወረቀቱን ገለጠችና «ይሄ የእሳትና መብረቅ ነው፣ የእርስዎን ማሽንና ዕቃ እንጂ የሌላ ሰው ቤት አይሸፍንም» አለችኝ። ከቢሮው ወጥቼ ታክሲ እስክይዝ ድረስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

በሽማግሌ ተቀመጥን፣ በ85 ሺህ ብር ተስማማን። ዕቁቤን ለምኜ ተራ ቀይሬ ከፈልኩ። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ አላማርርም። ግን ይሄ ነገር ድጋሚ ቢመጣ አልችለውም።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ ለእንደኔ ዓይነት ሰው የሚሆነው ኢንሹራንስ የትኛው ነው? ሌላ፣ አምና አንዱ ልጅ ጣቱን መጋዙ ቆርጦት ሰባት ቦታ ተሰፋ፣ ሕክምናውን ችዬ አለፈ፤ ጣቱ ቢቀርስ ኖሮ? እና አንድ ጓደኛዬ «የአንድ ሰው ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) አውጣ፣ ከዚያ በኋላ ቤትህን ማንም አይነካውም» ይለኛል። ከባለቤቴ ጋር ያለን አንድ ቤት ነው። እውነት ነው?

የመድን ሰው፦

ወንድሜ፣ እንኳን ሰው አልተጎዳ። ውሃው የወረደው በመብራት መስመር ነው ስትል ደነገጥኩ።

መድን ድርጅት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ፖሊሲ፣ ማለትም የመድን ውል፣ ስጽፍ ቆይቼ ባለፈው ዓመት ለቅቄያለሁ፣ ስለዚህ የምሸጥልህ ነገር የለኝም።

ልጅቷ የነገረችህ ልክ ነው። ቅር የሚለኝ ግን ያኔ የሸጠልህ ሰው ይህን አለመንገሩ ነው። የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ የሚጠብቀው የአንተን ንብረት ነው። ለዚያውም ባንኩ ያስገባህ ከሆነ ባለጥቅም ተብሎ የተጻፈው ባንኩ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ቢቃጠል ካሳው መጀመሪያ ወደ ብድሩ ነው የሚሄደው። አውጥተህ ተመልከተው።

ማንኛውንም ፖሊሲ ስታይ መጀመሪያ «የማንን ኪሳራ ነው የሚከፍለው?» ብለህ ጠይቅ። የኔን፣ የሠራተኛዬን ወይስ የውጭ ሰው? ሦስቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

አንተ ያጣኸው የውጭ ሰው ኪሳራ የሚከፍለውን ነው። የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ይባላል፣ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ፐብሊክ ሊያቢሊቲ ነው የምንለው። ከመኪናው ሦስተኛ ወገን ጋር እንዳታምታታው። የመኪናው በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ስለሆነ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የሥራህን ግን የሚያስገድድህ የለም፣ ካልጠየቅክም ብዙ ጊዜ የሚነግርህ አታገኝም። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ከተቃጠለ በኋላ ቢሯችን በሰው ተሞልቶ ነበር፣ ሁሉም የሚጠይቀው የራሱን ዕቃ ስለማስመዝገብ ነው። እሳቱ ከኔ ሱቅ ቢነሳና የጎረቤቴን ቢበላስ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አላስታውስም። አንተ ግን ቲነርና ቫርኒሽ ያለበት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ይህን ማሰብ አለብህ። አከራይህ ቤቱን ኢንሹራንስ ቢያስገባው እንኳ አንተ ነጻ አይደለህም፤ ኢንሹራንሱ ለአከራዩ ከፍሎ እሳቱ የተነሳው በአንተ ጥፋት ከሆነ በዳረጎት መብቱ፣ ማለትም የከፈለውን ከአጥፊው በመጠየቅ መብቱ፣ ወደ አንተ ይዞራል።

ፐብሊክ ሊያቢሊቲ ገባሁ ብለህ ብቻ ደግሞ እንዳትተኛ። ብዙ ጊዜ ፖሊሲው በአድራሻ ነው የሚጻፈው። ኮልፌ፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል፣ የእንጨት ሥራ ቤት። ደንበኛ እዚያ መጥቶ ጣውላ ቢወድቅበት ይከፈላል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሰው ግድግዳ ስትበሳ ግን ከአድራሻው ውጭ ነህ። ስለዚህ ቅጹን ስትሞላ «በደንበኛ ቤት የሚደረግ ገጠማንም ይጨምራል» ብለህ በጽሑፍ አስገባ፣ ፖሊሲው ሲመጣም ያ ዓረፍተ ነገር መኖሩን በዓይንህ እይ። በቃል «ያው ይሸፍናል» ቢሉህ አትቀበል።

የክፍያውን ጣሪያም እይ። በአንድ አደጋ ይህን ያህል፣ በዓመት በድምሩ ይህን ያህል የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ አንድ ቤት ላይ አይቆምም፣ ስለዚህ የአንድ ቤት ዕቃ ብቻ አስበህ ቁጥሩን አትምረጥ። ከዚያ በታች ደግሞ ራስህ የምትሸከመው ኤክሰስ የሚባል ድርሻ አለ፤ እሱ ከፍ ሲል ዓረቦኑ፣ ለመድኑ የምትከፍለው ገንዘብ፣ ይቀንሳል።

የማይሸፍነውንም እወቅ። የሠራኸው ካቢኔት ወድቆ የሰው ፍሪጅ ቢሰብር ፍሪጁ ሊከፈል ይችላል፣ ካቢኔቱን ድጋሚ መሥራት ግን ያንተ ነው። ለእድሳት ተቀብለኸው ሥራ ቤትህ የተቀመጠ የደንበኛ ዕቃም ብዙ ጊዜ ውጭ ነው። ሠራተኞችህም በዚህ ውስጥ የሉም፣ ለነሱ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን አለ፣ ወርክመንስ ኮምፐንሴሽን የምንለው። ዓረቦኑ በዓመት በምትከፍለው የደመወዝ ድምር ላይ ነው የሚሰላው። የቀን ሠራተኞቹን ጭምር አስመዝግብ። ሰው ለመቆጠብ ብሎ ይደብቃቸዋል፣ ከዚያ ሁልጊዜ የሚጎዳው ያ ያልተመዘገበው ልጅ ይሆናል።

አንተ ራስህስ? በሁለቱም ውስጥ የለህም። የሠራተኞች መድን ለሠራተኛ ነው፣ አንተ ደግሞ አሠሪ ነህ። እጅህ ቢጎዳና ሦስት ወር ብትቀመጥ ደመወዝ የሚከፍልህ የለም። ለዚህ የግል አደጋ መድን የሚባል አለ፣ ሕክምናና የአካል ጉዳትን ይሸፍናል፣ ሥራ ለምትፈታበት ጊዜ በየሳምንቱ የሚከፍል እንዲጨመርበት መጠየቅም ትችላለህ። በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሲረሱ ሳይ ያመኛል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እኛ ሀገር ጥፋት ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣው ይቅርታና ሽማግሌ ነው። ደግ ባህል ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን የኃላፊነት ፖሊሲ ላይ ያለ ኢንሹራንሱ ፈቃድ ጥፋት አላምንም፣ አልደራደርም፣ አልከፍልም የሚል ቃል አለ፣ ስትገባ አንተም ትፈርምበታለህ። እንደ አሁኑ ቶሎ ተቀምጠህ በ85 ሺህ ተስማምተህ ወረቀቱን ይዘህ ብትመጣ፣ ሽፋን ቢኖርህም ላይከፈልህ ይችላል። አንድ የሴራሚክ ሠራተኛ እንዲሁ ሆኖ ፋይሉን በእጄ ዘግቻለሁ። ጨዋ ሰው ነበር፣ የሠራው ሁሉ ሰው የሚያስመሰግን ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና ምን ታደርጋለህ? ውሃውን ጥረግ፣ ዕቃ አውጣ፣ ሰዎቹን አጽናና፣ ይቅርታም በላቸው። ፎቶ አንሳ፣ የተበላሸውን ከነሱ ጋር ሆነህ መዝግብ። በዚያው ቀን ኢንሹራንሱ ጋ ደውል፣ በጽሑፍም አስታውቅ። ሽማግሌ ሲመጣ «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ሰው ልከው አይተው ከኛ ጋር ይቀመጣሉ» በላቸው። ሽማግሌዎቹ ካሉበት የኢንሹራንሱ ሰው ጋር አብሮ መቀመጥ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ አድርገነዋል። የብር መጠን ብቻ ከአፍህ አይውጣ።

አናጢው ከኮልፌ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሽማግሌው ያሉት ነገር በፍጹም አስቤው አላውቅም። እኔ እዚያው እርጥብ ወለል ላይ ቆሜ ነው «ሁሉንም እከፍላለሁ» ያልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት አንድ ወኪል አናግሬ ነበር። ዓረቦኑ እንዲቀንስልህ ፈርኒቸር መሸጫ ነው ብለን እንሙላው፣ ቀለም ቅብና ቲነር የሚለውን ቦታ የለም በለው ብሎኛል። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው አለኝ። ላድርገው?

የመድን ሰው፦

አታድርገው። ወኪሉ የሚከፈለው ሲሸጥ ነው፣ አደጋ ሲደርስ አጠገብህ አይኖርም። አደጋ ሲደርስ የሚመጣው መርማሪ የቲነሩን ጣሳ ነው መጀመሪያ የሚያየው። አደጋውን የሚለውጥ ነገር መደበቅ ወይም ሐሰት መሙላት ውሉን ያፈርሰዋል። የንግድ ሕጉ ተሻሻለ ሲባል ብዙ ሰው የኢንሹራንሱም ክፍል የተለወጠ ይመስለዋል፣ ግን በ1952ቱ ሕግ ያለው የኢንሹራንስ ክፍል እስካሁን ይሠራል።

እውነቱን ጻፍ። የእሳት ማጥፊያ ግዛ፣ ቲነሩን ከመጋዝ ብናኙ አርቀህ በብረት ሳጥን አስቀምጥ፣ ኢንስፔክተር ሲመጣ አሳየው። ይህን ሲያይ ብዙ ጊዜ ዋጋው ላይ ለመነጋገር ይለሳለሳል። ካልጣመህ ደግሞ ከወኪል ይልቅ ብሮከር ሞክር። ወኪል የኢንሹራንሱ ሰው ነው፣ ብሮከር ግን ያንተን ጉዳይ ይዞ ብዙ ኢንሹራንሶች ጋ ዋጋ ይጠይቅልሃል። ፈቃዱ ከብሔራዊ ባንክ መሆኑን ግን አረጋግጥ።

ጋራዥ ያለው፦

ይቅርታ ግን እኔ ኢንሹራንስ ላይ እምነት የለኝም። ጋራዥ ነው ያለኝ። በ2014 የሥራ ዕቃዎቼንና ማሽኖቼን በ600 ሺህ ብር አስመዘገብኩ። በ2017 ኤሌክትሪክ እሳት አስነስቶ የ400 ሺህ ብር ዕቃ አወደመብኝ። ሙሉውን የሚከፍሉኝ መስሎኝ ስጠብቅ 200 ሺህ ብር፣ ከዚያም ላይ ኤክሰስ ተቀንሶ ሰጡኝ። ከ600 ሺህ በታች ነው የጠፋብኝ እኮ! ሦስት ዓመት ሙሉ ከፍዬ ግማሹን መከልከል ምን ማለት ነው? ብሬን ባንክ ባስቀምጠው ይሻለኝ ነበር።

የመድን ሰው፦

የደረሰብህ ያሳዝናል፣ ንዴትህም ይገባኛል። የሆነው ምን እንደሆነ ግን ልንገርህ፣ ለሌላውም ይጠቅማል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ማሽን ሁሉ ዋጋው ተተኮሰ። እሳቱ በተነሳበት ቀን ዕቃህን ሁሉ አዲስ ለመግዛት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይፈጅ ነበር እንበል። አንተ ያስመዘገብከው 600 ሺህ፣ ማለትም ግማሹን ነው። ስለዚህ የጠፋብህም ግማሹ ይከፈላል፣ ሌላውን ግማሽ ራስህ ተሸክመኸዋል ይባላል። ቢሮ ውስጥ አቬሬጅ እንለዋለን። ከ400 ሺህ 200 ሺህ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን በየዓመቱ ስታድስ ሊነግሩህ ይገባ ነበር። ካልነገሩህ ጥፋቱ የነሱም ነው። ግን ሁላችሁም አሁኑኑ ፖሊሲያችሁን አውጡና ዋጋው የመቼ እንደሆነ እዩ፣ አናጢው አንተም። ያ ማሽንህ በስንት ነው የተመዘገበው?

ጋራዥ ያለው፦

እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ደብዳቤው ላይ የጻፉልኝ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ነው። አመሰግናለሁ።

ጠበቃዋ፦

ስለ ሦስተኛው ጥያቄህ እኔ ልመልስ፣ ጠበቃ ነኝ።

ንግድ ፈቃድህ በስምህ እስከሆነ ድረስ አንተና ሥራ ቤትህ በሕግ አንድ ሰው ናችሁ። የሥራው ዕዳ የአንተ ዕዳ ነው፣ ቤትህም ለዚያ ዕዳ ሊያዝ ይችላል። ባለትዳር ስለሆንክ ደግሞ የጋራ ንብረታችሁም ሊነካ ይችላል፣ ስለዚህ ባለቤትህ ይህን ውሳኔ አብራህ ብትወስን ደስ ይለኛል።

ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ያመጣው አዲስ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ሰው ሚስቱን ወይም ወንድሙን በስም ብቻ ያስገባ ነበር። አሁን ብቻህን ማቋቋም ትችላለህ፣ አንተ ብትሞት ወይም ችሎታ ብታጣ ማኅበሩን የሚይዝልህን ሰውም ስታቋቁም ትሰይማለህ። ጓደኛህ ያለው በከፊል እውነት ነው። በማኅበሩ ስም በዱቤ ቺፕውድ ወስደህ መክፈል ቢያቅት ዕዳው የማኅበሩ ነው።

ግን ያንተ ጉዳይ የዱቤ ጉዳይ አይደለም። ድሪሉን የያዝከው አንተ ነህ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይካስ ይላል፣ ያ ሰው የማኅበር ባለቤት ነው አይደለም ብሎ አይለይም። ማኅበር ቢኖርህ ኖሮም ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች አንተንም ማኅበሩንም መክሰስ ይችሉ ነበር። ድሪሉን ሠራተኛህ ይዞት ቢሆን ኖሮ ማኅበሩ እንደ አሠሪ ይጠየቅ ነበር፣ አንተ በግልህ የመጠየቅህ ነገር ይቀንሳል። በገዛ እጁ ለሚሠራ ሰው ማኅበር የሚሰጠው መከለያ ሰው እንደሚያስበው ወፍራም አይደለም።

ባንክም አለ። ማኅበሩ ሲበደር የግል ዋስትናህን ወይም ቤትህን ይጠይቃል፣ በፈረምክበት ልክ ያው ወደ ቤትህ ይመጣል። የማኅበሩን ገንዘብ ከግል ገንዘብህ ከቀላቀልክም ፍርድ ቤት በግልህ ሊጠይቅህ ይችላል። የቤት አስቤዛና የልጅ ትምህርት ቤት ከማኅበሩ ሒሳብ የሚከፈል ከሆነ ማኅበሩን ባታቋቁመው ይሻላል። ግብሩንም አስብ፣ ማኅበር ከሆንክ ገቢህ ትንሽም ቢሆን ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነህ፣ ሙሉ መዝገብ ትይዛለህ፣ በትርፍ ላይ 30 በመቶ ትከፍላለህ።

ስለዚህ የኔ ምክር የኃላፊነት መድኑን አሁን ግባ፣ ማኅበሩን ሥራው ሲሰፋና ሒሳብ የሚይዝልህ ሰው ሲኖርህ አስብበት ነው።

ስለ ልጁ ጣት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። «ተጠንቀቅ ብዬው ነበር» ማለት አያድንህም። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም ሰክሮ ከመጣ ሌላ ነው። ሙሉ በሙሉ የማያሠራ ዘላቂ ጉዳት ከደረሰበት ካሳው የ5 ዓመት ደመወዙ ነው። የልጁን ደመወዝ በ60 ወር አባዛው። ከዚያ ወርክመንሱን ትገባለህ። የመጋዙን መከለያ ደግሞ አስገጥም፣ ሥራ ያዘገያል ብለህ አታንሳው። ልጆቹ በቃል ተቀጥረው ከሆነ ውላቸውን ጻፍ። ማን እንደሆነና ስንት እንደሚከፈለው ወረቀት ከሌለ ኢንሹራንሱም መክፈል ይቸግረዋል።

የ85 ሺሁ ስምምነት ላይ «ከዚህ ጉዳይ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል አለ? በምስክር ተፈርሟል? ከሌለ ሰዎቹ ደግ እንደሆኑ ሳይዘገይ አስጽፈው። ውል የሌላቸው እንደ ታችኛው ፎቅ ሰዎች ያሉት የካሳ ክስ ለማቅረብ ያላቸው ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ ውል ያላት ደንበኛህ ግን በውል መሠረት እስከ 10 ዓመት መጠየቅ ትችላለች። ለሷም ያንኑ ወረቀት አስፈርማት።

ቧንቧ ሠራተኛ፦

ስለ ኢንሹራንስ አላውቅም፣ ስለ ቧንቧ ግን ልናገር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስመሩ ብዙ ጊዜ ከቧንቧው አፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል። ከሲንኩ ቧንቧና ከውሃ ማሞቂያው ትይዩ ወደ ላይም ወደ ጎንም አትብሳ። ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን መዝጊያ ራስህ አግኝተህ ዝጋው፣ ቧንቧውን ከፍተህ ውሃው መቆሙን እይ፣ ከዚያ ድሪሉን አንሳ። አንዳንዱ መዝጊያ ዝጎ አይዞርም፣ እሱን ሳታይ ሥራ እንዳትጀምር። በግድግዳ ውስጥ ብረት የሚያሳይ መሣሪያም አለ፣ የብረት ቱቦና ሽቦ ያሳያል፣ የፕላስቲኩን ቱቦ ግን ሊስተው ይችላል።

አናጢው ከኮልፌ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ጽሑፋችሁን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስለ ጋራ ንብረቱ ስትሰማ ዝም አለችና «ከአሁን በኋላ ወረቀት ስትፈርም እኔም አያለሁ» አለችኝ። ልክ ናት።

ማሽኑን አየሁት ጋሼ። ስገዛው በነበረው ዋጋ ነው የተመዘገበው፣ ባለጥቅሙም እንዳሉት ባንኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ሄጄ በአሁኑ ዋጋ እንዲያሻሽሉልኝ አመለከትኩ። ወኪሉን ትቼ በብሮከር በኩል የፐብሊክ ሊያቢሊቲና የወርክመንስ ቅጽ ሞላሁ፣ ቲነሩንም ቫርኒሹንም ጻፍኩ። «በደንበኛ ቤት የሚደረግ ገጠማን ይጨምራል» የሚለውን በእጄ ነው የጻፍኩት፣ ብሮከሩ ይህን ሲያይ «ማን ነገረህ?» አለኝ። የግል አደጋውን ለጊዜው አልቻልኩም፣ ዕቁቡን ስጨርስ እገባለሁ። ኢንስፔክተሩ ሐሙስ ይመጣል።

የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ጋም ሄጄ ነበር። ወረቀቱን ፈረሙልኝ፣ ቡናም ጠጣን። እህቴ ጠበቃዋ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከአሁን በኋላ ለደንበኞቼ ከሥራ በፊት አንድ ገጽ ውል ላስፈርም አስቤያለሁ። የመስመር ካርታ ካላሳዩኝ ኃላፊነት አልወስድም ብዬ ብጽፍ ይሠራል?

ጠበቃዋ፦

ደንበኛህ ላይ በተወሰነ ደረጃ ይሠራል፣ ታች ያለው ጎረቤት ላይ ግን አይሠራም፣ እሱ ያንን ወረቀት አልፈረመም። ደግሞም በቸልተኝነት ለሚደርስ ነገር ሁሉ አልጠየቅም ብሎ መጻፍ ፍርድ ቤት ላይቀበለው ይችላል። እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦ ደንበኛው ከገጠማው በፊት የውሃና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን ያሳያል፣ ዋናውን መዝጊያ ያሳያል፣ በገጠማው ሰዓት እሱ ወይም የወከለው ሰው ቤት ይገኛል። ይህን ካደረገና አንተም ውሃውን ከዘጋህ አደጋው ራሱ ላይደርስ ይችላል። ረቂቁን ጻፍና እዚሁ ለጥፈው፣ አይቼ አስተካክልልሃለሁ።